ያገለገለ ኮምፒዩተር ሲገዛ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ውስጡን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩንም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ለልጆቹ ትምህርት ብሎ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ወላጅም ውስጡን ይመርምር፤ ተወልውሎ የሚያብረቀርቀው ክዳን ምንም አይነግረውም። በመጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ይጠይቅ። «ኮር አይ5-6300» ከተባለ 6ኛ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል የሚቀበለው፣ ጥቂቶቹ ሲቀሩ፣ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው፤ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የደኅንነት ድጋፍም እ.ኤ.አ. በ2025 አብቅቷል። ቀጥሎ ቻርጀሩን ነቅሎ እዚያው ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያሠራው። ሻጩን ቅር ቢለው ይበለው! የባትሪውን ድካም የሚያውቅ ሻጭ ሳይጠየቅም መናገር ግዴታው ነው፤ ጉድለቱ ከተነገረ በኋላ ግን በዋጋ ተስማምቶ መግዛት ይቻላል።