ሰባቱ ቀን የሚቆጠረው ከበር ላይ ነው

ባለፈው ዓርብ ኒስፍ አልቀመር ባሕር ዳር ምንጣፍ አንጥፈን ቡና እየጠጣን የተናገርኩትን፣ ፈቃድ አጥታችሁ ከቤት ላልወጣችሁም እንዲደርስ ጻፊው ተብዬ ነው የጻፍኩት። ከደማምና ከኾበር የመጡት እኅቶች መካከል ላይ እየገቡ የጠየቁኝንም ጨምሬበታለሁ።

ነገሬ የሚጀምረው ከስፌት መኪና ነው። ሀገሬ ስገባ ልብስ እየሰፋሁ እኖራለሁ የሚል ሐሳብ ካደረብኝ ቆይቷል። አንድ የኢንተርኔት ሱቅ ላይ ትልቅ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና በ380 ሪያል ተቀንሶ አየሁ። ማድረሻው 25 ሪያል ነው። ደመወዜ 1000 ሪያል ነው፤ ግማሹን ለእናቴ ልኬ ከቀረኝ ላይ 405 ሪያል ከፈልኩ። ስለዚህ የዚያን ወር ሙሉ ለራሴ የቀረኝ ለስልክ ካርድ የሚሆን ብቻ ነበር።

ዕቃው እሑድ መጣ። ረመዳን ነበር። በረመዳን የእኛ ሥራ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም። መንዱቡ ሳጥኑን በር ላይ ለሹፌሩ ሰጠው፣ ሹፌሩ ለእኔ አቀበለኝ፣ እኔም አልጋዬ ሥር ገፍቼው ወደ ሳምቡሳዬ ተመለስኩ። የከፈትኩት ዓርብ ሌሊት ነው። ከሳጥኑ የወጣው በአንድ እጅ የሚነሣ፣ ከላይ እስከ ታች ፕላስቲክ፣ የልጅ መጫወቻ የሚመስል ነገር ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሌላ፣ የመጣው ሌላ።

በማግስቱ ደወልኩ። ሰውየው «የቅናሽ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። ደግሜ ስደውል «ሳጥኑን ከፍተሽዋል» አለኝ። በሦስተኛው «ገንዘብ አንመልስም፣ ሌላ ዕቃ ምረጪ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ማንሣት ተወ። እኔም ባልጋራሁት ጥፋት ራሴን ስወቅስ ቆየሁ። መቼስ ስንደክም መጀመሪያ የምንከሰው ራሳችንን ነው።

እንዲህ ሆኜ ያየችኝ የማዳም ልጅ ናት ሕግ እንዳለ የነገረችኝ። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። «ደውለሽ አትጨቃጨቂ፣ ጻፊለት» አለችኝና አጠገቤ ተቀምጣ አነበበችልኝ።

የሳዑዲ ዓረቢያ የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ የወጣው በ1440 ዓመተ ሒጅራ ነው፤ በእኛ ሐምሌ 2011 ዓ.ም. መሆኑ ነው። 13ኛው አንቀጹ እንዲህ ይላል፦ በኢንተርኔት የገዛ ሰው ዕቃውን በተረከበ በ7 ቀን ውስጥ፣ ካልተጠቀመበት፣ ግዢውን ማፍረስ ይችላል። ምክንያት አይጠየቅም። ዕቃው ባይበላሽም፣ ዐይንሽ ስላልወደደው ብቻ መመለስ ትችያለሽ ማለት ነው። እንዲህ ሐሳብሽን ቀይረሽ ስትመልሺ ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ የመመለሻው ወጪ በአንቺ ላይ ነው። ይህ የሚገባ ነው፤ ሻጩም ሰው ነው።

ሕጉ የማይመለሱ ብሎ የዘረዘራቸውም አሉ። በራስሽ ልክና ትእዛዝ የተሠራ ነገር፣ እንከን ከሌለበት በቀር፣ አይመለስም። መጽሐፍና ጋዜጣ፣ ከኢንተርኔት የወረደ ፕሮግራም፣ የምግብና የማደሪያ አገልግሎት፣ አንቺው በአያያዝ ያበላሸሽው ዕቃም እንዲሁ። «የቅናሽ ዕቃ» የሚል ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። «ሳጥኑ ተከፍቷል» የሚልም የለም። የሚከለከለው መጠቀም ነው። ሳጥን ሳይከፈት ዕቃው ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

እዚህ ላይ አንዲት እኅት «ታዲያ ሱቆቹ ‹አይመለስም› ብለው ለምን ይለጥፋሉ?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። መርካቶም ሆነ ባሕር ዳር ገበያ ከባንኮኒው በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ አይለወጥም» የሚለውን እያነበብን ነው ያደግነው። ዓረቦቹም ቃል በቃል ያችኑ ያህል ጽሑፍ አላቸው፦ «አልቢዳዓ አልሙባዓ ላ ቱረድ ወላ ቱስተብደል»። እዚህ የንግድ ሚኒስቴር ይህን ጽሑፍ መለጠፍ ከልክሏል። እኛም ሀገር ቢሆን አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ወረቀት ግድግዳ ላይ ስለተለጠፈ ሕግ አይሆንም። ግን እኛ የተለጠፈ ነገር እናከብራለን፣ ሻጩም ይህን ያውቃል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ሰባት ቀን ለሌላው ሰው ሰባት ቀን ነው። ለእኛ ግን አይደለም። እኛ ለራሳችን ጉዳይ ጊዜ የምናገኘው፣ ያውም ማዳም ከፈቀደች፣ ዓርብ ነው። ቅዳሜ የመጣ ሳጥን ዓርብን ከጠበቀ ስድስት ቀን አለፈው። ቀኑ የሚቆጠረው ሳጥኑን ከከፈትሽበት አይደለም፣ ከተረከብሽበት ነው። እኔ እሑድ ተቀብዬ ዓርብ ሌሊት ስከፍት፣ የቀረኝ ሁለት ቀን እንደነበረ አላወቅሁም ነበር። ስለዚህ ቢደክምሽም በዚያው ሌሊት ክፈቺው። ስትከፍቺ ስልክሽን ግድግዳ ላይ አስደግፊና ቪዲዮ ቅረጪ፤ በመጀመሪያ በሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት፣ ቀጥሎ የተዘጋበትን ፕላስተር፣ ቀጥሎ ከውስጥ የሚወጣውን። መንዱቡ እስክትከፍቺ ቁሞ አይጠብቅሽም፣ ብዙ በር ይቀረዋል። ምስክርሽ ቪዲዮው ነው።

ይልቁንም ለቤተሰብ ዕቃ የምትልኩ ስሙኝ። ስልክ፣ ብሌንደር፣ ካውያ በኢንተርኔት ገዝተን ሳንከፍት እንደታሸገ ካርቶን ውስጥ እንከተዋለን። «አዲስ ሆኖ ይድረስላቸው» እንላለን። ካርጎው ወር ሁለት ወር ይቆያል። እናት ደሴ ላይ ስትከፍተው ስልኩ አይበራም። ያኔ ሰባቱ ቀን የት አለ? ከፍታችሁ አዩት፣ አብሩት፣ ከዚያ መልሳችሁ አሽጉት። ሲበራ ማየት ዕቃውን ማወቅ ነው፤ ወር ሙሉ ስትደውሉበት ከርማችሁ «ይመለስልኝ» ማለት ሌላ ነው።

ሁለተኛው ነገር የስም ጉዳይ ነው። አብራን የምትሰበሰብ አንዲት እኅት ካርድ ስላልነበራት ለአንድ የሀገር ልጅ በጥሬው 700 ሪያል ሰጥታ ስልክ አስገዛችው። ልጁ በራሱ አካውንት፣ በራሱ ካርድ አዘዘላት። ስልኩ በአራተኛው ቀን ጠፋ። ሱቁ ያለ ክርክር ተቀበለ፣ ገንዘቡንም መለሰ። ገንዘቡ ግን የሚመለሰው ወደ ተከፈለበት ካርድ ነው። ልጁ ዛሬ ነገ እያለ እስካሁን አልሰጣትም። እርስዋ በሱቁም በመንግሥትም ፊት ገዢ አይደለችም፤ ፋቱራው ላይ ስሟ የለም። በማዳም ስልክ የምታዝዙም እንዲሁ ናችሁ። ማዳም ደግ ከሆነች ይህ ችግር አይሆንም፣ እንዲያውም እርስዋ ስትደውል ቶሎ ይሰሟታል። ግን ፋቱራውን ፎቶ አንሥታችሁ በእጃችሁ ያዙ። የራሳችሁ የባንክ ካርድ ካላችሁ በራሳችሁ ስም እዘዙ።

ወደ ስፌት መኪናዬ ልመለስ። ልጅቷ እንደ ነገረችኝ በዋትስአፕ ጻፍኩ። የደወልኩት ሁሉ ምንም ማስረጃ እንዳልተወልኝ የገባኝ ያኔ ነው። የትእዛዙን ቁጥር፣ የተረከብኩበትን ቀን፣ የሱቁን ፎቶና የመጣልኝን ዕቃ ፎቶ ጎን ለጎን ላክሁ። የእኔ የማድ ቤት ዓረብኛ ነው፣ ቢሆንም አንድ ዐረፍተ ነገር በቂ ነው፦ «አብጋ አረጂዕ አልሙንተጅ፣ ወ አብጋ ፍሉሲ»። ዕቃውን መመለስ እፈልጋለሁ፣ ገንዘቤንም እፈልጋለሁ ማለት ነው። የጻፍኩት በስድስተኛው ቀን ማታ ነው። አነበበው፣ ዝም አለ።

ከዚያ ለንግድ ሚኒስቴር አመለከትኩ። ቁጥሩ 1900 ነው። «በላግ ቲጃሪ» የሚባል የስልክ መተግበሪያም አላቸው። የእኔን ማመልከቻ ልጅቷ ናት በዓረብኛ የጻፈችልኝ፤ የኢቃማዬን ቁጥር፣ የሱቁን ስም፣ ፋቱራውንና ያንን ያልተመለሰ የዋትስአፕ መልእክት አያያዝን። ሱቁ ስሙን፣ አድራሻውንና የንግድ ምዝገባ ቁጥሩን በገጹ ላይ ማሳየት ግዴታ አለበት፤ ከገጹ ግርጌ አገኘነው። ይህን ሕግ የጣሰ ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ እስከ 1 ሚሊዮን ሪያል ሊቀጣ፣ ሱቁም ሊዘጋ ይችላል። ለ405 ሪያል ማንም ሚሊዮን አይቀጣም፤ ሻጩ ግን ቁጥሩን ያውቀዋል።

በአራተኛው ቀን ራሱ ደወለ። ድምፁ ተለውጧል፣ «ያ ኡኽቲ» እያለ ነው። መንዱብ ልኮ ዕቃውን ወሰደ። «የመመለሻውን ክፈዪ» ሲለኝ ጥፋቱ የእኔ አይደለም ብዬ እምቢ አልኩ፣ አልገፋበትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ 380 ሪያል ካርዴ ላይ ገባ። የማድረሻው 25 ሪያል ቀረ። ያን ጊዜ ደክሞኝ ተውኩት፤ አሁን ሳስበው መተው አልነበረብኝም።

የቀሩትን ጥያቄዎች ባጭሩ ልመልስ። ዕቃው ዘግይቶ ቢቀርስ? ሌላ ቀን ካልተስማማችሁ ወይም ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ካልገጠመ፣ ከ15 ቀን በላይ ሲዘገይ ግዢውን አፍርሰሽ ገንዘብሽን መጠየቅ ትችያለሽ። አንድ ልል ሁለት ብዬ ባዝስ? በ24 ሰዓት ውስጥ ለሱቁ አሳውቂ። ከቻይና የሚመጣስ? ሕጉ እዚህ ላለ ሰው የሚሸጥን ሁሉ ይመለከታል፣ ግን ውጭ ያለን ሻጭ መጎተት አድካሚ ነው፤ መተግበሪያው ራሱ «መመለሻ» የሚል ቦታ ስላለው ከዚያው ጀምሪ። በቲክቶክ ቀሚስና በርበሬ የሚሸጡ የሀገራችን ልጆችስ? ሕጉ ንግድ ምዝገባ የሌለውንም ሻጭ ይጨምራል። ነገር ግን በቅጽል ስም የሚሸጥን ሰው የት ታገኚዋለሽ? አስቀድመሽ አትላኪ፣ ዕቃውን አይተሽ ክፈዪ። ኢቃማዋ የተቃጠለባት ወይም ከከፊል ቤት የወጣች እኅትም እንዲሁ ታድርግ፤ ለእርስዋ አቤቱታው ከባድ ነውና ገንዘቧ ከእጇ ሳይወጣ መጠንቀቅ ይሻላታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ማመልከቻ ባስገባሁ ሰሞን አንድ ሰው ደውሎ «ገንዘብሽን ልመልስልሽ፣ ስልክሽ ላይ የመጣውን ቁጥር ንገሪኝ» አለኝ። ገንዘብ ለመመለስ ያ ቁጥር አያስፈልግም። ቁጥሩ የሚያስፈልገው ለመውሰድ ነው። ዘጋሁበት።

ንግግሬን ስጨርስ ከኾበር የመጣች ልጅ ቀረብ ብላ፣ ማክሰኞ ጫማ እንደ መጣላትና እንደጠበባት፣ ሻጩም «አይመለስም» እንዳላት ነገረችኝ። ክፍሏ ውስጥ ለክታ ከማየት በቀር አላደረገችውም። በጣቴ ቆጠርኩላት፤ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ አራት ቀን አላት። ስንመለስ መኪና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ ያችን ዐረፍተ ነገር ለሻጩ ጻፈችለት።