«የኔ ነው!» ማለትን ያስተማረኝ መረብ ኳስ ነው

ዛሬ የማወጋችሁ የሰው ታሪክ አይደለም፣ የራሴን ነው። በቅድሚያ ግን አንድ ጥያቄ፦ አንቺ እህቴ፣ ሰው ፊት ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «ይሄ የኔ ነው» ያልሽው መቼ ነው? አስታወስሽው? እኔ እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ ድረስ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም።

ያደግሁት ላሊበላ ነው። እናንተ አገሩን የምታውቁት ከዐለት በተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ ዳገቱ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ተራራ ወገብ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ውኃ ቀድቶ መመለስ ራሱ ስፖርት ነው። በኛ ሰፈር ጨዋ ልጅ ማለት አንገቷን የደፋች፣ ስትጠራ «አቤት» ብላ የምትሮጥ፣ እንግዳ ፊት ድምፅዋ የማይሰማ ናት። የኛ የሴቶቹ ድምፅ እንደ ልብ የሚወጣው በአሸንድዬ ነው። ነሐሴ 16 ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ ለምለሙን ሣር ወገባችን ላይ አስረን፣ ከበሮ ይዘን ስንጨፍር ማንም «ዝም በይ» አይለንም። ጥቂት ቀን ነው ታዲያ። ሣሩ ሲደርቅ እኛም ወደ ዝምታችን እንመለሳለን።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የስፖርት አስተማሪያችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ላቋቁም ብሎ ተነሳ። አምስት ልጆች ተመዘገቡ፤ ስድስተኛዋ ጠፋች። ዓይኑን ወደ ኋላ ወንበር ወርወር አድርጎ «አንቺ ረጅሟ፣ ነይ!» አለኝ። በቃ፣ እንዲህ ገባሁ። ሜዳችን ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ የተቀዳደደ መረብና በአመድ የተሰመረ መስመር ነበረው። ኳሷ ከሜዳ ወጥታ ቁልቁለቱን ከያዘች ጨዋታው ለሩብ ሰዓት ይቆማል! እናቴ «ሱሪ ለብሰሽ አደባባይ ላይ ልትዘይ?» ብላ ስለተቆጣች ቱታዬን ከቀሚሴ ስር ለብሼ ነበር የምወጣው።

በመጀመሪያው ቀን ኳሷ በኔና በጓደኛዬ መሐል መጣች። እኔ እሷን አየሁ፣ እሷ እኔን አየች፣ ኳሷ መሬት ወደቀች። አስተማሪያችን ፊሽካውን ነፋና «እዚህ ይሉኝታ የለም! ወደ አንቺ ከመጣች የኔ ብለሽ ጩኺ!» አለ። ነገሩ እውነቱን ነው። አንዷ ካልጮኸች ወይ ሁለት ልጆች ይጋጫሉ፣ ወይ ሁለቱም ይተዉታል። የመጀመሪያዋ «የኔ» ከአፌ ስትወጣ ሹክሹክታ ነበረች። ዳር ቆመው የሚያዩት ወንዶች ሳቁብኝ። ከአንድ ወር በኋላ ግን ድምፄ ከሜዳው ማዶ ይሰማ ጀመር።

ሌላው ያዳነኝ ነገር መዞሩ ነው። በመረብ ኳስ ሰርቪሱን ከተጋጣሚ በተረከባችሁ ቁጥር ስድስታችሁም ሰዓት ቆጣሪ እንደሚዞረው አንዳንድ ቦታ ትለውጣላችሁ። ከኋላ የነበረችው ፊት ትመጣለች፤ ሰርቪስም በተራ ለሁሉም ይደርሳል። «እኔ ዓይን አፋር ነኝ፣ እዚሁ ጥጌን ይዤ ልቁም» ማለት የለም። ሕጉ ራሱ እጅሽን ይዞ ፊት ያወጣሻል።

በኋላ ሳነብ የገረመኝ ነገር ቢኖር ጨዋታው ለኛ ታስቦ አለመፈጠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ዊልያም ሞርጋን የተባለ አሜሪካዊ የወወክማ ስፖርት አስተማሪ የፈጠረው፣ የቅርጫት ኳስ ግፊያ ለከበዳቸው ጎልማሳ ወንዶች ነበር። ከ69 ዓመት በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ቶኪዮ ላይ የሴቶች መረብ ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ገባ። አብዛኞቹ ከአንድ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ የወጡ፣ ቀን ሠርተው ሌሊት ሲለማመዱ የኖሩ የጃፓን ልጆች ሶቪየት ኅብረትን 3 ለ 0 ረትተው ወርቁን ወሰዱ። አምበላቸው ማሳኤ ካሳይ ያኔ 31 ዓመቷ ነበር። በኛ ሰፈር ቆጠራ «ቆማ ቀረች» የሚባልበት ዕድሜ!

ወደ ራሴ ልመለስ። አሥራ አንደኛ ክፍል፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ አንድ እሑድ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ጠላ እየቀዳሁ ሳለ ስለ ማን እንደሚወራ ገባኝ። አባቴ ቀን ሊቆርጥ አፉን ሲከፍት ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጥኩና «አባባ፣ አንዴ ይስሙኝ። ነገሩ የኔ ነው። ትምህርቴን ሳልጨርስ አላገባም» አልኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፄ ግን ወጣ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዱ ሽማግሌ «ይቺን ልጅ ኳስ ነው ያበላሻት!» አሉ። አልተሳሳቱም፣ ኳስ ነው።

አባቴ ሽማግሌዎቹን «ትምህርቷን ትጨርስ፣ ያኔ እንነጋገራለን» ብሎ ሸኘ። ከኔ ጋር ግን ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሜዳው ዳር ዱላውን ተደግፎ ቆሞ አየሁት። ሰርቪሱ የኔ ተራ ነበር። መታሁት፤ ቀጥታ መረቡ ላይ! አፈርኩ። ማታ እራት ላይ «ያ መረብ ግን ትንሽ ከፍ ያለ አይመስልሽም?» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ታረቅን ማለት ነው። (የሴቶች መረብ ከፍታ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የኛ ግን ረግቦ ዝቅ ያለ እንደነበር ለአባቴ አልነገርኩትም።)

እህቴ ሆይ፣ ሁሉም አባት እንደኔ አባት አይደለም፤ ይሄን አውቃለሁ። ስለዚህ ብቻሽን አትቁሚ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 አድርጎታል፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም እንዲሁ ይላል። ዕድሜሽ ቢደርስም ያላንቺ ፈቃድ ጋብቻ አይጸናም። ለምታምኛት አክስት፣ ለአስተማሪሽ፣ ለወረዳው የሴቶች ጉዳይ ቶሎ ተናገሪ። ኳስ ስትመጣ ጓደኛሽ እንድትደርስልሽ እንደምትጠሪያት ማለት ነው።

እኔ ሻምፒዮን አልሆንኩም። በትምህርት ቤቶች ውድድር በመጀመሪያው ዙር ተሸንፈን ነው የተመለስነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ግን ዛሬ አዲስ አበባ በራሴ እንጀራ ስኖር፣ የደሞዜም የልቤም ነገር ሲነሳ ዓይኔን መሬት አልተክልም። ሰፈራችሁ ሜዳ ካለ ቱታችሁን ልበሱና ውጡ። ኳሷ ስትመጣም ጎረቤት ጎረቤት አትዩ፤ ጩኹ!

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።