የአሮጌዎቹ የመንገደኛ ፉርጎዎች ዕጣ፦ ከብረት ማቅለጫ ወይስ ወደ ቅርስነት?

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሥቶ ወደ ዘጌ የሚሻገር እንግዳ በዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ዕቃ ቤት የነገሥታት ዘውዶችን፣ የብራና መጻሕፍትንና ጥንታዊ አልባሳትን ይመለከታል። እነዚህ ንዋያት እስከ ዛሬ የቆዩት ውድ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ገዳሙ ምን እንዳለው ለይቶ ያውቃል፤ ዕቃውን ከዝናብና ከምስጥ የሚከልል ቤት አለው፤ አንዱ ቢጎድል የሚጠየቅ ቄሰ ገበዝም አለ።

በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የባቡር ፊሽካ ተሰምቶ አያውቅም። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በተነደፈው የአገር አቀፍ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳርና በወረታ በኩል ወልድያ የሚደርስ መስመር ተካትቶ የነበረ ቢሆንም ሳይገነባ ቀርቷል። ይሁን እንጂ የገዳሙ ዕቃ ቤት አሠራር ከጣና ዳርቻ ርቀው በለገሐርና በድሬዳዋ ግቢዎች ለቆሙት አሮጌ የመንገደኛ ፉርጎዎች ጥያቄ መነሻ ሊሆን ይችላል። ፉርጎዎቹ የመንግሥት ንብረት ናቸው። ነገር ግን በቅርስነት ተመዝግበው፣ ጣራ ተበጅቶላቸውና ተጠያቂ ጠባቂ ተመድቦላቸው ካልተያዙ አንድ ቀን በኪሎ ተመዝነው መሸጣቸው አይቀርም።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የባቡር መንገዱን የሥራ ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. የዛሬዋ ድሬዳዋ ካለችበት ቦታ ደረሰ፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት ነው። በገንዘብ እጦትና በኃያላን መንግሥታት ሽኩቻ ለዓመታት ከተጓተተ በኋላ የመጀመሪያው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዛሬም በፈረንሳይኛ ስሙ ለገሐር ተብሎ የሚጠራው የጣቢያ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመርቋል። መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው። ይህ የስፋት ልኬት በኋላ የፉርጎዎቹን ዕጣ የሚወስን ሆኗል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ ድሬዳዋና አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ የተነሣ ወደ ስደት የሄዱት ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በዚሁ ባቡር ነው። ጣሊያኖች በቆይታቸው ሊቶሪና የተባለውን በራሱ ሞተር የሚንቀሳቀስ የመንገደኛ ባቡር በመስመሩ ላይ አስገብተዋል። በጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽ አጠገብ ፈጣኑ የመንገደኛ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደል በመግባታቸው ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ይህ አደጋ በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ ከከፉት ውስጥ የሚቆጠር ነው።

የአዲስ አበባ-ድሬዳዋ የመንገደኛ አገልግሎት በ2000 ዓ.ም. ተቋረጠ። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ አሮጌውን ሐዲድ ለመጠገን ተጀምሮ የነበረው ሥራም ዳር ሳይደርስ ቀረ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኢትዮ-ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር የሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስለሆነ የአሮጌው መስመር ፉርጎ አንዲት ሜትር እንኳ ሊሄድበት አይችልም። በዚህ ሁኔታ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች አካላቸው ሳያረጅ መንገዳቸው አረጀ። አሮጌው ሐዲድ በየቦታው በተነቀለ ቁጥር ደግሞ ፉርጎዎቹን ከቆሙበት ወደተሻለ መጠለያ የማንቀሳቀስ ዕድሉም አብሮ ይጠባል።

አንድ ፉርጎ ከአሥር ቶን በላይ ብረት ነው። ለንብረት ክፍል ኃላፊ ደግሞ ከሃምሳ ዓመት በፊት የተገዛና የመዝገብ ዋጋው ወደ ዜሮ የወረደ፣ ቦታ ይዞ የቆመ፣ ለጥበቃ ወጪ የሚጠይቅ ዕቃ ነው። በአንጻሩ ቁርጥራጭ ብረት ገዝተው አቅልጠው ፌሮ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ሁልጊዜም ገዢ ናቸው። የማስወገድ ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ንብረቱ በሞዴል 22 ወጪ ቢደረግ በአሠራር ረገድ ስሕተት የለበትም። አስቸጋሪው ነገርም ይኸው ነው፤ ሁሉም ሰው ሥራውን በደንቡ መሠረት ሠርቶ ቅርሱ ሊጠፋ ይችላል።

የፉርጎ ጥፋት ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጨረታው በፊት ነው። ጥበቃው ሲላላ በመጀመሪያ የሚሄዱት ትናንሾቹ ናቸው፦ የነሐስ የበር እጀታዎች፣ የመስኮት መቆለፊያዎች፣ የመዳብ ሽቦዎች፣ ቁጥርና የፋብሪካ ስም የተቀረጸባቸው ሰሌዳዎች። ቀጥሎ የመንኮራኩር ዘንጉን የሚሸከሙት ኩሽኔታዎች ይወለቃሉ። በቀደምት ፉርጎዎች ኩሽኔታው ከነሐስ ተሠርቶ በውስጡ ለስላሳ ነጭ ብረት የተለበጠ ስለሆነ ቁራሌው ጥሩ ዋጋ ይሰጥበታል። ኩሽኔታ የሌለው ፉርጎ ደግሞ ሊጎተት አይችልም። ሊጎተት የማይችል ፉርጎ ሥፍራው ለሌላ ሥራ በተፈለገ ጊዜ ባለበት በጋዝ ተቆርጦ ይጫናል። በዚህ መንገድ በጆንያ ተሸክመው የሚሄዱት ነሐስ አሥር ቶን የሚመዝነውን ቅርስ ያጠፋዋል።

ከሌብነት ቀጥሎ ያለው ጠላት ውኃ ነው። የቆየ የመንገደኛ ፉርጎ ባብዛኛው የብረት ሻንሲ፣ በላዩም የእንጨት ወይም የላሜራ አካል አለው። ዝገት የሚጀምረው በሚታየው ጎን ሳይሆን ውኃ በሚቋጥርባቸው ስውር ሥፍራዎች፣ ማለትም በመስኮት ሥር፣ በበር ደፍ፣ በመጸዳጃ ክፍል ወለልና ጣራው ከግድግዳው በሚጋጠምበት መስመር ነው። ከውጭ ደኅና የሚመስል ላሜራ በጣት ሲነካ የሚበሳው ለዚህ ነው። የድሬዳዋ ደረቅ አየር ለብረት ይራራል፤ የአዲስ አበባ ክረምት ግን አይራራም። ስለሆነም ማንኛውም ዓይነት ዕድሳት ከመታሰቡ በፊት መቅደም ያለበት ከቆርቆሮም ቢሆን የተሠራ ጣራ ነው። አንድ ፉርጎ በሙሉ ለማደስ በሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ ፉርጎዎችን ከዝናብ መከለል ይቻላል። በጀት ሲገኝ አንዱን ቀለም ቀብቶ ማስመረቁ ለዓይን የሚማርክ ቢሆንም ሌሎቹ በዚያው ክረምት እንዲበሰብሱ መፍረድ ይሆናል።

ወደ ዕድሳቱ ሲገባ የመጀመሪያው ሥራ መዶሻ ሳይሆን ካሜራና ሜትር ይጠይቃል። እያንዳንዱ ክፍል ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይለካል፤ የሚፈታው ዕቃ ቁጥር ይሰጠዋል። ቀለሙ በትንሽ ሥፍራ በጥንቃቄ ሲፋቅ ከሥር የተደራረቡት የቀድሞ ቀለሞች በቅደም ተከተል ይታያሉ፤ ፉርጎው በየትኛው ዘመን ምን መልክ እንደነበረው፣ ስንተኛ ማዕረግ እንደሆነ የሚገልጸው ጽሑፍም አንዳንድ ጊዜ ከዚያ ይገኛል። በችኮላ በአሸዋ ግፊት የተጠረገ ፉርጎ ይህን ምስክርነት ለዘለዓለም ያጣል። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በተሠሩ ፉርጎዎች ግድግዳ ውስጥም ሙቀት ለመከላከል አስቤስቶስ የመጠቅጠቅ ልማድ ስለነበረ፣ ሠራተኞች ያለ መከላከያ ሊነኩት አይገባም። በአውሮፓ ብዙ ፉርጎዎች ወደ ማቅለጫ የተላኩት በዚሁ በአስቤስቶስ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ለአገር ውስጥ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። የበሰበሰ ላሜራ ተቆርጦ በአዲስ ይበየዳል፤ አንቲራስት ይቀባል፤ ባሌስትራው ተፈትቶ ይጸዳል፤ የጎደለው ቁልፍና ማጠፊያ በቶርኖ ይወጣል። የድሬዳዋው የባቡር ጥገና አውደ ጥናት ፉርጎና ሎኮሞቲቭ ሲጠግን የኖረ፣ የራሱ የቅልጠትና የቶርኖ ክፍሎች የነበሩት በመሆኑ ለዚህ ሥራ የተሻለ ቦታ በአገሪቱ ይገኛል ለማለት ያስቸግራል። አውደ ጥናቱም ከነማሽኖቹ ቅርስ ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ ያለ እጅ አይሠራም። መስመሩ በሥራ ላይ ሳለ ሙያውን የተማሩት ሠራተኞች ዛሬ በጡረታ ዕድሜ ላይ ናቸው።

የጡረተኞች ነገር ሲነሣ የኤርትራ ምድር ባቡር መጠቀሱ ግድ ነው። ከምጽዋ አስመራ ያለው 118 ኪሎ ሜትር መስመር በጦርነቱ ፈራርሶ፣ ሐዲዱም ለምሽግ መሥሪያ ውሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዕድሜ የገፉ የቀድሞ ሠራተኞች ተመልሰው ተጠርተው የቆሙትን ሎኮሞቲቮች፣ ፉርጎዎችና ሊቶሪናዎች በነበሩት መሣሪያዎች ጠግነው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 መስመሩን እንደገና አገናኝተዋል። ሥራው ሊሠራ የቻለው ሰዎቹ በሕይወት ስለነበሩ ነው።

በናይሮቢ የባቡር ሙዚየም ያለው ፉርጎ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1900 ኪማ በተባለ ጣቢያ አንድ የፖሊስ ሹም ሰው በላ አንበሳ ለመግደል በፉርጎ ውስጥ አድፍጦ ሳለ እንቅልፍ ወሰደው፤ አንበሳውም ገብቶ ይዞት ሄደ። ያ ፉርጎ ዛሬ የሙዚየሙ ዋና መስሕብ ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ተመሳሳይ ፉርጎዎች ጠፍተው ይህ የቀረው ታሪኩ ተመዝግቦ ስለነበር ነው።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ አድልዎ ይታያል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ይጓዙባቸው የነበሩት ፉርጎዎች በለገሐር ተለይተው የተቀመጡና ጎብኚዎችም የሚጠይቋቸው ናቸው። መጠበቃቸው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ባቡሩን ባቡር ያደረገው የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ነው። ከጅቡቲ ጨርቃ ጨርቅ የሚያመላልሱ ነጋዴዎች፣ ለሥራ ወደ ድሬዳዋ የሚወርዱ ወጣቶች፣ በየጣቢያው ብርቱካንና እንቁላል የሚሸጡ እናቶች ኑሯቸው የተያያዘው ከጠንካራ አግዳሚ ወንበሩ ጋር ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ፉርጎ ብቻውን ቢተርፍ ለመጪው ትውልድ የሚቀረው የአንድ መንገደኛ ጉዞ ብቻ ነው። ምርጫ ማድረግ ግድ ከሆነ ከየማዕረጉና ከየዘመኑ ቢያንስ አንድ መጠበቅ ይበልጣል።

የሕግ መሠረቱ አልጎደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚንቀሳቀሱና የማይንቀሳቀሱ ቅርሶችን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ባለይዞታውንም የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል፤ የጥገናና የዕድሳት ሥራም በባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ እንዲከናወን ያዛል። ይህ ማለት አንድ መሥሪያ ቤት ፉርጎን በራሱ ውሳኔ ቆርጦ ካፌ ሊያደርገው አይገባም። ካፌ ወይም ቤተ መጻሕፍት መሆኑ በራሱ ነውር የለበትም፤ የሚገባበት ፉርጎ በየጊዜው ይጠረጋል፣ ጣራው ሲያፈስም ወዲያው ይታወቃል። የሚፈቀደው ለውጥ ግን ተመልሶ ሊፈታ የሚችል መሆን አለበት። ሻንሲውን ቆርጦ ደረጃ መሥራት አይመለስም፤ ጠረጴዛ በብሎን ማሰር ይመለሳል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የማስወገድ ኮሚቴው በዝርዝሩ ላይ ያለ ማንኛውም የባቡር ንብረት ወደ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት የቅርስ ባለሙያ እንዲያየው ቢደረግ፣ የሚያስከፍለው አንድ ደብዳቤና የጥቂት ቀናት ጊዜ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የለገሐር አካባቢ ሰፊ የግንባታ ፕሮጀክት ይፋ ሲደረግ አሮጌው የጣቢያ ሕንፃ እንደሚጠበቅ ተገልጿል። ሕንፃ ባለበት ይቆማል፤ ፉርጎ ግን መንኮራኩር ስላለው ሊወሰድ ይችላል። ጣቢያው ተጠብቆ በፊቱ ሐዲድና ፉርጎ ከሌለው ሕንፃው ለምን እንደተሠራ ለልጆች ማስረዳት ያስቸግራል። በዚህም ምክንያት ፉርጎዎቹን በየከተማው ለጌጥ ከማከፋፈል ከሐዲዳቸው፣ ከጣቢያቸውና ከአውደ ጥናታቸው ጋር በለገሐርና በድሬዳዋ ማቆየት ይመረጣል። ባሕር ዳርም ለአደባባይዋ አንድ ፉርጎ ብትጠይቅ መልሱ ይኸው ሊሆን ይገባል።

ጣና የራሱ አለው። ከባሕር ዳር ወደብ ተነሥተው በዘጌ፣ በደቅና በሌሎች ማረፊያዎች አድርገው ጎርጎራ ሲደርሱ የኖሩት የብረት ጀልባዎች ለሐይቁ ሕዝብ ባቡሩ ለድሬዳዋ የሆነውን ያህል ነበሩ፤ የዘጌ ቡና ለገበያ የወጣው በታንኳና በእነርሱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ በየብስ ለወራት ተጉዛ የመጣችው ‹ጣናነሽ ፪› አገልግሎቱን ስትረከብ የቀድሞዎቹ ተራ በተራ ወደ ዳር መውጣታቸው የማይቀር ነው። ብረታቸው የሚበላው የውኃው ወለል በሚነካው መስመር ላይ ስለሆነ በውኃ ውስጥ ታስረው ከሚቆዩ ወደ የብስ ተስበው በትራቬርሳ ላይ ቢቀመጡ ዕድሜያቸው ይረዝማል። የትኛዋ ጀልባ መቼ ወደ ሐይቁ እንደገባች፣ የትኛውን መስመር እንደሠራችና ማን እንደነዳት የሚያስታውሱት ካፒቴኖችና መካኒኮች ዛሬም ከወደቡ ብዙም አይርቁም።