ሲታመሙ መጀመሪያ የት ይሄዳሉ?

በገጠርም ሆነ በከተማ ብዙ ሰው ሲታመም በቅድሚያ የሚያስበው ትልቅ ሆስፒታልን ነው። ይሁን እንጂ በአቅራቢያ ሊታከም የሚችል ሕመም ሆስፒታል ድረስ ሲወሰድ ታማሚው ለትራንስፖርትና ለማረፊያ ገንዘብ ያወጣል፤ በአዝመራ ወቅት ደግሞ የሥራ ቀናትን ያጣል። ሆስፒታሉም ስለሚጨናነቅ በጽኑ የታመሙ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ።

የሀገራችን የጤና ሥርዓት ሦስት እርከኖች አሉት። የገጠሩ የመጀመሪያ እርከን ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን ያቀፈ ነው። አንድ ጤና ኬላ ከ3 ሺህ እስከ 5 ሺህ፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተደራጀ ነው። ከዚህ በላይ አጠቃላይና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች ይገኛሉ።

በጤና ኬላ የሚሠሩት፣ በ1995 ዓ.ም በተጀመረው ፕሮግራም የሚሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ክትባትና የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ወባን በፈጣን መመርመሪያ ይለያሉ፤ የሕፃናትን ተቅማጥና የሳንባ ምች ያክማሉ። አርሶ አደሩ ስንዴው በዋግ ሲጠቃ አስቀድሞ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ እንደሚያማክር ሁሉ፣ ስለ ጤናውም ቤተሰቡን የሚያውቁትን ባለሙያዎች ማማከር ይችላል።

በጤና ጣቢያ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና አዋላጆች ይሠራሉ፤ የላቦራቶሪ ምርመራም ይሰጣል። የደም ግፊትና የስኳር ሕሙማን እንዲሁም ነፍሰ ጡር እናቶች ክትትላቸውን በአንድ ጤና ጣቢያ ቢያደርጉ ይመከራል። የቀድሞው ምርመራና የተሰጠው መድኃኒት በካርዳቸው ላይ ስለሚመዘገብ ባለሙያው የሕመሙን ለውጥ መከታተል ይችላል። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ደግሞ የሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልካል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባላት ይህንን ቅደም ተከተል መጠበቅ አለባቸው። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪውን ከኪሱ እንዲከፍል ሊገደድ ይችላል። ስለዚህ የመድኅን መታወቂያው በወቅቱ መታደሱን፣ የቤተሰቡ አባላትም በሙሉ መመዝገባቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

የግል ክሊኒክ መምረጥ የሚፈልግ የከተማ ነዋሪ ደግሞ ክሊኒኩ የታደሰ ፈቃድ እንዳለው፣ የምርመራና የሕክምና ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ በሌሊት አገልግሎት መስጠት አለመስጠቱን ይጠይቅ።

ድንገተኛ ሕመም ግን ቅደም ተከተል አይጠብቅም። ነፍሰ ጡር ወይም የወለደች እናት ብዙ ደም ከፈሰሳት፣ ሕፃን ጡት መጥባት ካቃተው፣ ሰው ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው አምቡላንስ መጥራት፣ ካልተገኘም በተገኘው መጓጓዣ በቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። የወረዳውን የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር ከወዲሁ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ተቀብሎ በቤት ማስቀመጥ ሕይወት ሊያድን ይችላል።