የቆረጥኩት ክታብ

ባለፈው ጥር፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል በተቃረበበት ሰሞን፣ አራስ ልንጠይቅ እንጅባራ ልጄ ቤት ተሰባስበን ነበር። የምራቴ እናት ከዳንግላ የመጡት የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዘው ነው። ቡናው ከተጠጣ፣ እኔም ከሰሉን ከአራሷ ክፍል ካስወጣሁ በኋላ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው በቆዳ የተሰፋች፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ክታብ አወጡ።

“ይቺ የእኔ ነበረች፤ ከእኔ ወደ እሷ አለፈች። አሁን ደግሞ ለልጁ ትሁን” ብለው ወደ ሕፃኑ ጠጋ ሲሉ ልጄ ከተቀመጠበት ተነሳ።

“ይቅርብን እማማ፣ በዚህ ዘመን!” አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ምራቴ አንዴ እናቷን፣ አንዴ ባሏን ታያለች። ልጄ ወደ እኔ ዞረና “እማዬ፣ አንቺ ነርስ ነሽ። ንገሪያቸው እንጂ” አለኝ።

እውነት ነው፣ ነርስ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአዊ ዞን ጤና ጣቢያዎች አዋልጃለሁ፣ ከትቤያለሁ፣ ቁስል አጥቤያለሁ። ልጄ የጠበቀውን መልስ ግን ልሰጠው አልቻልኩም። ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ለቤተሰቤ የነገርኩትን፣ ዛሬ ለእናንተ ለወላጆችና ለአያቶች ላካፍላችሁ።

በመቀስ የጀመረ ጥፋት

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። አንዲት ወላድ በቃሬዛ መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ቤት ውስጥ ይሮጣል። ሁለተኛው ሞቶ ተወለደ። ሦስተኛው በተወለደ በሁለተኛው ቀን ቢጫ ሆኖ አረፈ። ይሄ አራተኛዋ ነው። አንገቷ ላይ ላብና ቅቤ ያጠቆረው ክር አለ፤ ክሩ ላይ ሦስት ክታቦች ተንጠልጥለዋል።

እኔ የታየኝ ቆሻሻው ነው። “ይሄ ጀርም ያመጣል” አልኩና መቀሴን አንስቼ ቆረጥኩት፤ ባልዲ ውስጥም ጣልኩት።

ሴትዮዋ አንድ ጊዜ ጮኸች። ጩኸቱ የምጥ አልነበረም፤ የምጥ ጩኸትማ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ግፊ ስላት አትሰማኝም፣ ዓይኔን አታይም። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ አዛውንት ጤና ረዳት ነበሩ። ምንም ሳይናገሩ ክታቦቹን ከባልዲው አውጥተው በአልኮል ጠራረጉና መዳፏ ውስጥ አስቀመጡላት። ጨበጠቻቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወለደች።

ሕፃኑ በሕይወት ተወለደ። ማታውን ግን ዓይኑ ቢጫ መሆን ጀመረ። ሆስፒታል እንድትሄድ የሪፈር ወረቀት ጻፍኩ፤ የእናቲቱም ደም እንዲታይ አስታወስኩበት። ጠዋት ስገባ አልጋው ባዶ ነው። ዘመዶቿ በሌሊት ይዘዋት ሄደዋል። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል። ሕፃኑ ሳምንት ሳይሞላው እንደሞተ በኋላ ሰማሁ።

ሆስፒታል ደርሳ ቢሆን ልጁ ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም፤ በዚያን ጊዜ በአካባቢያችን ለዚህ ዓይነቱ ሕፃን የሚደረገው ነገር ጥቂት ነበር። ዕድሉን ግን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ክታቧን ያልማረች ነርስ ልጄን ትምርልኛለች ብላ እንዴት ታምነኝ?

ሾተላይ የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው

በእናቶቻችን ቋንቋ ሾተላይ ማለት የእናቲቱን ልጆች በማኅፀን ወይም በአራስነት እየቀጠፈ የሚወስድ ክፉ መንፈስ ነው። በዛሬው የጤና ባለሙያ አነጋገር ደግሞ ያው ቃል የአርኤች ደም አለመጣጣምን ይገልጻል። አርኤች የሚባለውን የደም ዓይነት ላንድስታይነርና ዊነር የተባሉ ሳይንቲስቶች ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1940 ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናት አርኤች ኔጌቲቭ፣ ጽንሱ ደግሞ እንደ አባቱ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ በወሊድ ወይም በውርጃ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናት ይገባል። ሰውነቷ ይህን ደም እንደ እንግዳ ቆጥሮ የሚዋጋ መከላከያ ያመርታል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የሚቀጥለው ፖዘቲቭ ጽንስ ግን መከላከያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርስበታል። ደም ያንሰዋል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ሊሞትም ይችላል። መከላከያው ከመመረቱ በፊት የሚሰጥና ይህን የሚያስቀር መርፌ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።

እንግዲህ አስቡት። የመጀመሪያው ይኖራል፣ ተከታዮቹ ይሄዳሉ። አያቶቻችን ይህን አካሄድ በዓይናቸው አይተው ስም ሰጥተውታል። ያላወቁት ምክንያቱን ነው።

ክታቡ ውስጥ ምን አለ?

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ያ መቀስ አላስተኛ ሲለኝ፣ አንድ የማውቃቸው መሪጌታ አንድ የቆየ ጥቅልል ክታብ ገልጠው እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ብራናው ረጅም ነው። እንዲህ ያሉት ጥቅልሎች ብዙ ጊዜ የሚለኩት በባለቤቱ ቁመት ነው፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቁት። ጽሑፉ በጥቁርና በቀይ ቀለም ነው። መካከሉ ላይ ሰይፍ የያዘ መልአክና ዓይናቸው የፈጠጠ ፊቶች ተሥለዋል፤ ጠልሰም የሚባለው ይሄ ነው። በየጸሎቱ መጨረሻ የባለቤቷ ክርስትና ስም ገብቷል።

ሁለት ታሪኮች በተለይ ልቤን ያዙት። አንደኛው የሱስንዮስ ነው። ውርዝልያ የምትባል ክፉ ልጁን ትገድልበታለች፤ አባትየው በፈረስ ተነሥቶ፣ ፈልጎ፣ ጸልዮ፣ ይወጋታል። ሁለተኛው መርበብተ ሰሎሞን፣ ማለትም የሰሎሞን መረብ ነው። ንጉሥ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ አጥምዶ ስማቸውን እንዲናገሩ ያስገድዳቸዋል።

ልጅ የቀበረች እናት ይህን ለብሳ ስትተኛ ምን ይሰማታል? ጥያቄዬ ይህ ሆነ።

ጸሎቱን በሥነ ልቦና ማንበብ

ይህን የጠየቅሁ የመጀመሪያዋ ሰው እኔ አይደለሁም። አውሮፓውያንም በሰሎሞን ስም የሚጠሩ የአስማት መጻሕፍት ነበሯቸው። አሌስተር ክራውሊ የተባለው እንግሊዛዊ አስማተኛ እ.ኤ.አ. በ1904 ከእነዚህ አንዱን ሲያሳትም፣ መናፍስቱ የሰው የራሱ አእምሮ ክፍሎች ናቸው የሚል ማብራሪያ ጻፈበት። ጸሐፊው የነበረው እስራኤል ሬጋርዲ ደግሞ ኋላ ላይ አስማት የሚማሩ ሰዎች አስቀድመው በሥነ ልቦና ባለሙያ እጅ እንዲያልፉ ይመክር ነበር። ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛር ሥርዓትን ካጠና በኋላ፣ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ሥርዓቱን ከቲያትር ጋር አነጻጽሮታል። በዚያው ዓመት ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ አጥኚ የዛር ማኅበርን እንደ ቡድን ሕክምና አድርጎ ጽፏል።

እውነቱን ለመናገር ግን የእኛው አማርኛ ሳይቀድማቸው አልቀረም። ሰው በድንጋጤ ሲዋረድ “ቆሌው ተገፈፈ” እንላለን። ግርማ ሞገስ ያጣውን “ውቃቢው ራቀው” እንለዋለን። የተቆጣውን “ዛሩ ተነሣ” እንላለን። እነዚህ ሁሉ የመናፍስት ስሞች ነበሩ፤ ዛሬ ስለ ውስጣችን የምንናገርባቸው ቃላት ሆነዋል። ዛር ያደረበት ሰው የዛሩ ፈረስ ይባላል፤ ፈረስ በሚወደድበት በአዊ ምድር ለኖረ ሰው፣ ልጓሙን የያዘው ሌላ መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚህ ዓይን ሳየው፣ የሰሎሞን መረብ ፍርሃትን ስም የመስጠት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በካሊፎርኒያ ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ያዩትን የስሜት ዓይነት በቃል ሲሰይሙት አሚግዳላ የሚባለው ስጋትን የሚያነቃ የአንጎል ክፍል ረገብ ሲል አይተዋል። የሱስንዮስ ታሪክ ደግሞ ልጅ የሞተባትን እናት “ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ከውጭ የመጣ ነው” ይላታል። የአባትንም ሐዘን ይናገርለታል፤ በእኛ አገር ለሞተ አራስ የሚያለቅስ አባት ስንት ጊዜ አይተናል? በቁመት መለካቱና ስም መግባቱ “አንቺን ነው የምጠብቀው” ማለት ነው። ከገላ ጋር መዋሉም ቢሆን ትርጉም አለው። ዊኒኮት የተባለው እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም፣ ልጅ የሚያቅፋት አሮጌ ጨርቅ እናት በሌለችበት የእናትን መጽናኛ እንደምትተካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አስረድቷል።

ያቺ ወላድ የጮኸችው ለዚህ ነው። እኔ ክር የቆረጥኩ መሰለኝ እንጂ፣ የቆረጥኩት የያዘችውን እጅ ነበር።

ይህም ሆኖ ልክ አለው

ይህ አነባበብ ሁሉን ነገር አይፈታም። አንደኛ፣ የሚጸልይ ሰው ከራሱ አእምሮ ጋር እያወራ እንደሆነ አያምንም። ወደ አምላኩ ነው የሚጮኸው። “ይሄማ ሥነ ልቦና ነው” ብለን ፊቱ ላይ ብንነግረው መቀሱን በሌላ መልክ አነሣን ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን አስማትንና ጥንቆላን ስታወግዝ ኖራለች። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዚህ ላይ ብርቱ ዘመቻ አድርጓል። ስለዚህ ክታብን የሚቃወም ሁሉ እምነት የለሽ አይደለም፤ ልጄን ጨምሮ።

ሦስተኛው ይብሳል። ለፍርሃት ስም መስጠት ያረጋጋል፤ ስሙን ለጎረቤት ስንሰጠው ግን ሰው ይጎዳል። ስንት ሸክላ ሠሪ፣ ስንት ቀጥቃጭ ቡዳ ተብሎ ከሰው ተገልሏል! የራሳችንን ፍርሃት በሌላው ላይ መጫን የሚባለው ይሄ ነው።

አራተኛ፣ መጽናናት ደም አያክምም። የክታቡ እርጋታ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደውን መንገድ ከዘጋ፣ ልጅ ይገድላል።

ለወላጆችና ለአያቶች

ክታብ፣ ሂርዝም ሆነ ማተብ፣ በሕፃን አንገት ላይ አትሰሩ፤ ክር ሊያንቀው ይችላል። ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ልጁ የማይደርስበት ግድግዳ ላይ ይሁን።

ነፍሰ ጡር ሁሉ በመጀመሪያ ክትትሏ የደም ዓይነቷን ታስመርምር። ኔጌቲቭ ከሆነች የባሏም ይታይ። መርፌው ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ በ28ኛው ሳምንት እርግዝናም ይሰጣል። ውርጃ ወይም ደም መፍሰስ ከነበረም ለባለሙያ ይነገር። አስቀድሞ ልጅ የሞተባት እናት ከእርግዝናው መጀመሪያ አንሥቶ ሆስፒታል ትከታተል። ልጅ ደጋግሞ የሚሞተው በአርኤች ብቻ አይደለም፤ ቂጥኝ፣ ወባ፣ ስኳርና ሌላም ሊሆን ይችላል።

ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ ጸሎቱ በመንገድ ላይ ይደረስ። አራሷ እንቅልፍ ካጣች፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ከሰማች፣ ልጇን ከፈራች “ዛር ነው” ወይም “ዓይነ ጥላ ነው” ብላችሁ አትጠብቁ፤ ይህም በሕክምና የሚድን በሽታ ነው። ሰንሰለትና ዱላ ደግሞ የማንም ሕክምና አይደለም።

እናንተም ወጣት ባለሙያዎች፣ የእናትን ክታብ ከመንካታችሁ በፊት ጠይቋት።

ወደ ልጄ ቤት ልመለስ። ይህን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ ምራቴ ቀስ ብላ “እኔም እኮ ኔጌቲቭ ነኝ። መርፌውን በማግሥቱ ወስጃለሁ” አለች። እናቷ ቀና ብለው አዩዋት። እሷ የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ከእሷ በኋላ ሁለት ቀብረዋል፤ ክታቢቱም የተጻፈችው ያኔ ነው።

“ሾተላይ አለባት ብለው ከባሌ ዘመዶች ጋር ማዕድ እንኳ አላስቀርብ ብለውኝ ነበር” አሉ። ጥቂት ቆይተው “አሁን የእኔ ደም ቢታይ ምን ይጠቅማል?” ብለው ጠየቁኝ።

“እትዬ፣ ለልጅ አይጠቅምም። ለእርስዎ ግን ይጠቅም ይሆናል” አልኳቸው።

ክታቧን ልጄ ራሱ ከአልጋው ራስጌ ከፍ አድርጎ ሰቀላት። በማግሥቱ ከምራቴ እናት ጋር ወደ ምርመራ ሄድን። ውጤቱ ኔጌቲቭ ነበር። ልጆቹ በዚህ ምክንያት እንደሞቱ በእርግጠኝነት መናገር እንደማልችል ነገርኳቸው፤ ሊሆን እንደሚችል ግን አልደበቅኋቸውም። ወረቀቱን ደጋግመው አዩት፤ ማንበብ አይችሉም። ከዚያ በጥንቃቄ አጥፈው፣ ክታቢቱ ወጥታ ባዶ የቀረው የነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።