በአንድ ዓመት አምስት ሰው የሆነው ተዋናይ

የሲኒማ ወዳጅ የሆነ ሁሉ የአንድን ፊልም ዋና ተዋናይ ስም ለመጥራት አይቸገርም። ከጎኑ ቆሞ ታሪኩን አብሮ የሚሸከመውን ሰው ስም ግን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ዛሬ ለአንባብያን ልናስተዋውቅ የፈለግነው ከእንደነዚህ ያሉት አንዱን፣ አሜሪካዊውን ቶማስ ሚቼልን ነው። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሚቼል ከአየርላንድ ከተሰደዱ ወላጆች በ1892 በኒው ጀርሲ፣ በኤልዛቤት ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ የጋዜጣ ወሬ አቀባይ ነበር፤ በኋላ ግን ወደ ትያትር አዘነበለ። ተውኔት ጻፈ፣ አዘጋጀ፣ ራሱም ተጫወተ። ሆሊውድ በሚገባ ያወቀው ዕድሜው ከአርባ ካለፈ በኋላ ነው።

የችሎታው ስፋት የታየው በ1939 ሲሆን፣ በዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ በአምስት ታላላቅ ፊልሞች ቀርቧል። በ«ስቴጅኮች» በሰካራምነቱ ከከተማ የተባረረ ሐኪም ነው፤ በ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ሚስቱ ሞታበት አእምሮው የተናወጠ ባለርስት፤ በ«ሚስተር ስሚዝ ጎዝ ቱ ዋሽንግተን» የፖለቲካን ተንኮል ጠንቅቆ የሚያውቅ ጋዜጠኛ፤ በ«ኦንሊ ኤንጀልስ ሃቭ ዊንግስ» ዓይኑ እየደከመ የሄደ አውሮፕላን ነጂ፤ በ«ዘ ሃንችባክ ኦቭ ኖትርዳም» ደግሞ የፓሪስ ለማኞች ንጉሥ ነው።

በ«ስቴጅኮች» ውስጥ በጉዞ ላይ ያለች ነፍሰ ጡር ምጥ ይይዛታል። ሰካራሙ ሐኪም ጥቁር ቡና በላይ በላዩ እየጠጣ ስካሩን ያበርድና ሕፃኑን በሰላም ያዋልዳል። እስከዚያ ድረስ ሲስቅበት የቆየ ተመልካች ያን ጊዜ ያከብረዋል። ሚቼል በረዳት ተዋናይነት ኦስካር የተሸለመው በዚህ ሥራው ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ ታላቅ ዝና ያተረፈው ለጆን ዌይን ነበር።

በ1953 ደግሞ በቴሌቪዥን የኤሚን፣ በመድረክ የቶኒን ሽልማት ተቀበለ። ሦስቱንም አጠቃሎ በመውሰድ ከወንዶች የመጀመሪያው ሆነ።

ታዲያ ይህን ያህል የተሸለመ ሰው ስሙ ስለ ምን ደበዘዘ? በእኛ አስተያየት ምክንያቱ ራሱ ችሎታው ነው። ዝነኛው ተዋናይ በየፊልሙ ያንኑ ፊቱንና አነጋገሩን ይዞ ስለሚመጣ ተመልካች ይለምደዋል። ሚቼል ግን ራሱን ደብቆ ሌላ ሰው ስለሚያቀርብ፣ የሚታወሰው ያ ሌላው ሰው ነው።

በ1946 በወጣው «ኢትስ ኤ ዎንደርፉል ላይፍ» ዝንጉው አጎት ቢሊ 8,000 ዶላር ከጋዜጣ ጋር ሳያውቀው ለባላንጣቸው ያስረክባል። ጄምስ ስቱዋርት ሆኖ የሚጫወተው ሰው መከራ ሁሉ የሚብሰው ከዚህ በኋላ ነው። አጎቱ ፍጹም ቂል ቢመስል ኖሮ ነገሩ በሳቅ ባለፈ ነበር። ሚቼል የሚወደድ ዝንጉ ስላደረገው ግን ጥፋቱም ጸጸቱም ይታመናል።

በ1962 መርማሪ ፖሊስ ኮሎምቦን በመድረክ ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዐረፈ። ከ1968 ጀምሮ ኮሎምቦ የዓለም ቴሌቪዥን ተመልካች ወዳጅ ሲሆን፣ ከስሙ ጋር የተያያዘው የፒተር ፎክ ስም ሆነ።

ከትምህርት ቤት ወጥተን መሥሪያ ቤት የምንገባ ወጣቶች ሁላችን ሥራ የምንጀምረው በረዳትነት ነው። የሚቼል ታሪክ ረዳትነት አነስተኛ ሥራ አለመሆኑን ያስረዳል፤ ስም ሊያሳጣ መቻሉንም አይሰውርም። አንባቢያችን ከእነዚህ ፊልሞች አንዱን ሲያይ፣ ከዋናው ተዋናይ ጎን የቆመውን ሰው ልብ ብሎ እንዲመለከትና ስሙንም እንዲጠይቅ አደራ እንላለን።