ከመቄት አምባ እስከ ሌቫንት ዳርቻ፦ የባሕር ጅረት ደለልን የሚለይበት መንገድ

በክረምት በፍላቂት ዙሪያ የሚዘንበው ዝናብ መሬቱ ባዘነበለበት አቅጣጫ ይከፈላል። ከመቄት አምባ ወደ ሰሜን የሚወርደው ጎርፍ ተከዜን ሲቀላቀል፣ ወደ ደቡብ የሚወርደው በበሽሎ በኩል ዓባይ ይገባል። ሁለቱም የሚሸከሙት አፈር ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከፈሰሰ ባዛልት የተገኘ ነው። ሱዳን ውስጥ በአትባራ ከተማ አጠገብ እንደገና ይገናኛሉ። ከናይል ደለል ሩብ ያህሉን አትባራ፣ ከቀሪው አብዛኛውን ዓባይ ያመጣል፤ የነጭ ዓባይ ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነው።

ወንዙ ሜዲትራኒያን ባሕር ሲደርስ ፍጥነቱን ያጣል፤ ከዚያ በኋላ የደለሉን ዕጣ የሚወስነው የባሕር ጅረት ነው። 0.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት የአሸዋ ቅንጣት 100 ሜትር ለመስጠም አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይፈጅባትም። በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር የሚጓዝ ጅረት በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚገፋት ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 0.002 ሚሊ ሜትር የሆነች የሸክላ አፈር ቅንጣት ግን ብቻዋን ብትሆን በቀን የምትወርደው 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያንኑ ጥልቀት ለመጨረስ ወደ 11 ወር ያስፈልጋታል። ጅረቱም በዚህ ሁሉ ጊዜ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሊወስዳት ይችል ነበር። ይህ የማይሆነው ጨዋማ ውኃ ጥቃቅኖቹን ቅንጣቶች እርስ በርስ ስለሚያጣብቃቸው ነው፤ ከተጣበቁ በኋላ ይከብዳሉ፣ ፈጥነውም ይሰጥማሉ።

በናይል አፍ ላይ ይህ ልዩነት በግልጽ ይታያል። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣው ማዕበል ዳርቻውን አግድም ስለሚመታ አሸዋውን በሲና ጠረፍ እየገፋ እስከ ሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ያደርሰዋል። ጭቃው ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ የሚዞረውን ጅረት ተከትሎ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ የሚያርፈውም የማዕበሉ ኃይል በማይደርስበት ጥልቀት ነው።

የአህጉሩ ጠርዝ ወደ ጥልቁ በሚያዘቀዝቅበት ተዳፋት ላይ ሌላ ሥርዓት አለ። የምድር መሽከርከር በሰሜናዊው የዓለም ክፍል ጅረቱን ወደ ቀኝ ስለሚገፋው፣ ውኃው ቁልቁል ከመውረድ ይልቅ፣ በላስታ ተራሮች እርከን ከፍታን ጠብቆ እንደሚዞር፣ አንድ ጥልቀት ይዞ ተዳፋቱን ይዞራል። እንዲህ ያለ ጅረት በውቅያኖሶች ጠርዝ ሁሉ ይገኛል፤ በበረታበት ቦይ ይቆፍራል፣ በደከመበት ደግሞ ረጅም የደለል ክምር ይሠራል። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፦ ከደቂቅ አሸዋ ይልቅ ተጣብቆ የጠነከረ ጭቃን ከወለሉ ማንሳት ይከብዳል። ስለዚህ አንዴ የተረጋጋ ጭቃ ለዘመናት ሊቆይ ይችላል።

ይህ ቆይታ ለተመራማሪዎች ጠቃሚ ሆኗል። ገበሬው መረሬ የሚለው፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ስሜክታይት የተባለ ሸክላ ይበዛበታል። የባዛልቱ የስትሮንቲየም አይሶቶፖች ምጣኔም ከሰሃራ አቧራ ዝቅ ያለ ነው። በእነዚህ ምልክቶች ከባሕሩ ወለል የተወሰደ ናሙና ውስጥ የኢትዮጵያ አፈር ይለያል። ከ10,000 እስከ 6,000 ዓመታት ገደማ በፊት በነበረው እርጥብ ዘመን፣ ብዙ ዝናብ እያለ ከደጋው የሚታጠበው ደለል ቀንሶ ነበር፤ ምክንያቱም ተዳፋቱን ዕፅዋት ሸፍነውት እንደነበር ይታመናል። የደጋው ልብስ መሳሳቱና መወፈሩ ባሕር ሥር ተመዝግቧል ማለት ነው።

የዛሬው መዝገብ ግን ተቋርጧል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ቀድሞ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ይወርድ የነበረውን ደለል ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይይዛል። በ2009 የተጠናቀቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብም የላስታን አፈር ገና አገር ውስጥ ሳለ ያስቀረዋል። ከመቄት ማሳ የሚታጠበው አፈር ግን አልቆመም፤ ማረፊያው ብቻ ተቀየረ። የባሕሩ ጅረትም አልቆመም፤ የሚሸከመው አዲስ አሸዋ ስላጣ ቀድሞ ያስቀመጠውን ከናይል ደልታ ዳርቻ እያነሳ ወደ ምሥራቅ ይወስዳል። በራሺድ አፍ ላይ ባሕሩ ወደ የብስ እየገባ ያለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።